የላይኛውን በር የዘጋችው ሙሽራ

ልብስ ሰፊዋ ከብት አርቢዎቹ ቤት በምራትነት ከገባች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ እስከ ዛሬ ግን የሚጠሯት «ሙሽራ» እያሉ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይላት ነበር። ስድስት ወር ሲሞላ ጆሮዋን ይቆረቁራት ጀመር። ዓመት ሲያልፍ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስድብ ሆነባት። በዚያ ቤት ሙሽራ ማለት እንግዳ ማለት ነበር። ለእንግዳ ደህናው ወንበር ይለቀቅለታል፤ ሥራ ግን አይሰጠውም፤ ቢሰጠውም ከኋላው አንድ ሰው ቆሞ ያየዋል።

ከኋላዋ የምትቆመው ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ነበረች። የባሏ ታላቅ ወንድም ሚስት ናት። ሽማግሌው አማታቸው «አለኝታዬ» ሲሏት ሌላውም ተቀብሎ «አለኝታ» አድርጎ አስቀረው። አለኝታ ከብት መሃል ተወልዳ ከብት መሃል ያደገች ናት። በላሞቹ መካከል ስትሄድ በገዛ መኝታ ቤቷ የምትንጎራደድ ነው የምትመስለው። የላም ጆሮ በሁለት ጣቷ ይዛ «ትኩሳት አላት» ትላለች፤ ቴርሞሜትር ሲገባም ትኩሳት አላት። ሙሽራ አንዲት ላም አልባ ሳትጨርስ አለኝታ ሦስተኛዋ ጋ ደርሳለች፤ በዚያ ላይ ታንጎራጉራለች። ሙሽራን የሚያሳርራት ማንጎራጎሯ ነበር። ጎበዝ መሆኗስ እሺ፤ ምን አንጎራጎራት?

«ቀናሁ» የሚል ቃል ከሙሽራ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ለራሷ የምትለው «ይቺ ሴትዮ ታበዛዋለች» ነው። እኛ ግን ስሙን እናውቀዋለን። ቅናት ነው፤ ያውም ጠዋት አብሯት የሚነሳ፣ ማታ አብሯት የሚተኛ።

ከተማ እያለች እንዲህ አልነበረችም። ሁለት የልብስ ስፌት መኪና፣ ባለመስታወት በር ጠባብ ሱቅ፣ ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበራት። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ የገባውን ሰው የትከሻና የወገብ ልክ ሳትለካው ትነግረው ነበር። ባሏንም ያገኘችው እዚያው ነው። የላም ቀንድ የቀደደው ሱሪ ይዞ መጣ። በሳምንቱ ሌላ ቀዳዳ ይዞ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ቀዳዳውን ገልብጣ አየችና «ይሄኛውን ላሟ በመቀስ ነው የቀደደችው?» አለችው። አንገቱን ደፋ። እንዲህ ነው የተጋቡት።

ያኔ ጠያቂው ሌላው ሰው፣ መላሿ እሷ ነበረች። አሁን ጠያቂዋ እሷ ሆነች፤ መልሱም አንድ ነው። «ይቺ ጊደር ለምን አትበላም?» ስትል ባሏ የጫማውን ክር እያሰረ «አለኝታን ጠይቂያት» ይላታል። «ይሄ ጨው ለየትኞቹ ነው?» «አለኝታን ጠይቂያት።» አንድ ጠዋት «ሰማያዊ ሸሚዝህ የት ገባ?» ብላ ብትጠይቀው ሳያስበው «አለኝታን ጠ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም።

ስህተቷም ጥቂት አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ ደግ ልሥራ ብላ፣ ሲያልቡ የሚታጠቁትን ሽርጥ ሁሉ ሽቶ ባለው ሳሙና አጠበችው። በማግስቱ ላሞቹ አፍንጫቸውን ነፉ፤ ተራገጡ፤ ወተታቸውን ይዘው አንሰጥም አሉ። ሽማግሌው መጡና ሽርጡን አሽትተው ሳቅ አሉ።

«ምንም አይደል፣ ሙሽራዬ፤ ምንም አይደል።»

ወዲያው ዞር ብለው አለኝታ ላይ ጮኹባት። «አንቺ ደንቆሮ! ስትታጠቂው አፍንጫሽ የት ሄዶ ነው?»

አለኝታ ከጀርባቸው ምላሷን አወጣችና ወደ ባልዲዋ ተመለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንኳን ስድቡ ለሷ ሆነ፣ ከኔ አለፈ ይል ነበር። ሙሽራ ግን አንጀቷ አረረ። ሽማግሌው ልጆቻቸውን ደንቆሮ ይላሉ፤ ሚስታቸውን ደንቆሮ ይላሉ፤ ውሻውንም፣ አልነሳ ያለውን ትራክተርም ደንቆሮ ይላሉ። እሷን ብቻ «ምንም አይደል»። ቅናት ሲብስ የማያደርሰው የለም፤ ሴትዮዋ በሰው ስድብ ቀናች።

ነገሩ የከረረው ግን በቁልፉ ነው። የጥጆቹ ቤት ቁልፍ በአሮጊቷ አማቷ አንገት ላይ፣ በጥቁር ክር ታስሮ፣ ሠላሳ ዓመት ተንጠልጥሏል። አዲስ የተወለዱት፣ የታመሙት፣ እናት የሞተችባቸው ጥጆች ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። ያንን ቤት የያዘች ሴት በማንም «አለኝታን ጠይቂያት» አትባልም፤ የምትጠየቀው እሷ ናት። የአሮጊቷ ጉልበት ደግሞ አልታዘዝ ካለ ከርሟል። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ጉልበታቸውን እያሹ «ዝናቡ ሳይገባ ይሄን ቁልፍ ለአንዳችሁ አስረክባለሁ» አሉ። ዓይናቸው ያን ጊዜ ወዴት እንደሄደ ማንም ልብ አላለም፤ ሙሽራ ግን ወደ አለኝታ ሲሄድ አይቻለሁ ብላ ትምላለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአለኝታን ጥፋት ፍለጋ ወጣች። ባልዲዋን አየች፤ ታጥቧል። መኖውን አየች፤ ተመጥኗል። አንድ ጠዋት አለኝታ ልታስነጥስ አፏን ስትከፍት ወተቱ ውስጥ ነው ብላ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፤ አለኝታ ዞር ብላ ክርኗ ላይ አስነጠሰች። ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ!

ዓርብ ዕለት ግን አገኘች።

ወንዶቹ ታችኛው መስክ ላይ አጥር ሲጠግኑ ይውሉ ነበርና ምሳ አድርሳላቸው ስትመለስ፣ አቋራጭ ብላ በላይኛው መስክ በኩል መጣች። እዚያ ሠላሳ የሚያህሉ የማይታለቡ ላሞችና ጊደሮች ተሰማርተዋል። ከመስኩ ጥግ፣ ዛፎቹ ጋ፣ ትልቁ የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰንሰለቱም እስከ መሬት ተንጠልጥሏል። አፈሩ ላይ የቦት ጫማ ዱካ አለ። የግራ ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ ነው፤ የማን ጫማ እንደሆነ ሙሽራን የሚነግራት አያስፈልግም። ጠዋት አለኝታ ወደዚህ ስትወጣ በመስኮት አይታታለች።

«ትታው ሄደች! ክፍት ትታው!» አለች ጮክ ብላ፣ ለራሷ።

ለከተማ ሰው የተከፈተ በር ማለት የተረሳ በር ነው። የሱቅ ባለቤት የነበረች ሴት ደግሞ ክፍት በር ስታይ ልቧ ስንጥቅ ይላል። የዛሬው ግን ልብ የሚሰነጥቅ አልሆነም፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገጠመችው። ሰንሰለቱን አዞረችው። መንጠቆው የላላ መስሎ ሲታያት ከኪሷ ትርፍራፊ የቀይ ጨርቅ ጠርዝ አወጣች፤ ሁለቴ ጠምዝዛ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መልሳ፣ በልብስ ሰፊ ቋጠሮ አሰረችው። ራቅ ብለው ሣር ከሚነጩት መሃል አንዲቱ ቀና ብላ አየቻት። ወይዘሮ ናት። አረማመዷ ኩሩ ስለሆነ ነው ወይዘሮ የተባለችው። ለመውለድ ወር ከምናምን ቀርቷታል፤ ሆዷ ውስጥ ያለውንም ጥጃ ባሏ «ያንቺ ነው» ብሎ ለሙሽራ ሰጥቷታል።

«አይዞሽ እመቤቴ፣ አንቺንም እነሱንም ከመጥፋት አዳንኳችሁ» አለቻትና በአጥሩ የሰው መሹለኪያ ወጥታ ሄደች።

ጥፋቷ በሩን መዝጋቷ አይደለም፤ ዝም ማለቷ ነው። ያን ዕለት ማታ «የላይኛውን በር ዘግቼ መጣሁ» ብላ ቢሆን ኖሮ ከአምስቱ ሰው አንዱ ማንኪያውን ጥሎ ይነሳ ነበር። እሷ ግን ለእሑድ ምሳ አስቀመጠችው። እሑድ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል፤ ቁልፉም በአሮጊቷ አንገት ላይ ሆኖ ይሰማል። ሽንኩርት ስትልጥ ንግግሯን ተለማመደች። «አለኝታን ለመክሰስ አይደለም፤ ማንም ሰው ይረሳል...» የሚለው መግቢያ ደስ አላት። ትሕትና አለው፤ ተከሳሹንም ይገድላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ከቤቱ ጀርባ ልብስ ስታሰጣ ከወደ ላይ ደከም ያለ የላሞች ጩኸት ሰማች። ላም ትጮሃለች፤ ምን አዲስ ነገር አለው? መቆንጠጫዎቿን ሰብስባ ገባች።

እሑድ ደረሰ። ሁሉም ተቀምጧል፦ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አለኝታ። ሙሽራ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ እምለው... አለኝታን ለመክሰስ አይ...»

«እስቲ ዝም በሉ!» አለች አለኝታ እጇን አንስታ።

ጉርሻዋን በጉንጯ እንደያዘች ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ጣለች። ሁለት ቀን ከቤቱ ወደ መስኩ ሲነፍስ የነበረው ነፋስ አሁን ዞሯል።

«ይሄ የውሃ ጩኸት ነው» አለች፣ ወንበሯንም ገልብጣ ተነሳች።

ሁሉም ተከትሏት ወጣ። ሙሽራም ሮጠች፤ ስትሮጥ ግን መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ምን እንደሆነ ብንደብቅላት ደግ ነበር፤ አንደብቅም። «ጩኸትም በዓይነት በዓይነቱ ታውቃለች ማለት ነው?» ነበር ያለችው በሆዷ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ሌላው የገባት። የውሃ? ቀሚሷን ሰብስባ ሩጫዋን ጨመረች።

በሩ ላይ ሠላሳውም ተጠጋግተው ቆመዋል። የፊተኞቹ ደረታቸውን ብረቱ ላይ ተጭነዋል፤ የኋለኞቹ ጀርባቸው ላይ ሊወጡ ይታገላሉ፤ ምላሳቸው ደርቆ ወጥቷል። ከበሩ ወዲህ፣ ከዛፎቹ ጀርባ፣ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ገንዳው እስከ አፉ ሞልቶ ያብረቀርቃል። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሸቱት ኖረዋል። በበጋ ያ በር አይዘጋም ለካ፤ ከብቶቹ በራሳቸው ጊዜ ወጥተው ጠጥተው ይመለሳሉ። ለዚህ ነው በየቀኑ የሚያያቸው ሰው የማያስፈልጋቸው። የመስክ በር ክፍት ሆኖ ካገኙት ክፍት፣ ዝግ ሆኖ ካገኙት ዝግ አድርጎ ማለፍ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ዳዴ ሲል የተማረው ነገር ነው። ለሙሽራ ግን የነገራት የለም። የሚነገር ነገር አልመሰላቸውም።

ወይዘሮ ከበሩ ቋሚ እንጨት ሥር ተኝታ ነበር። አልጮኸችም።

«ማነው የዘጋው?» አሉ ሽማግሌው። «ማነው ይሄን በር የዘጋው?»

ሰንሰለቱ ጋ ቀድማ የደረሰችው አለኝታ ናት። ቀዩን ቋጠሮ አየችው። ቀና ብላ ሙሽራን አንድ ጊዜ ብቻ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና ጨርቁን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች።

«አንቺ ደንቆሮ!» ጀመሩ ሽማግሌው። ዕድሜዋን ቆጠሩ፤ ያሳደጋትን ሰው ጠሩ፤ ዓይን እንዳላት ጠየቁ። አለኝታ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። የአለኝታ ባል ጫማውን ያያል።

ሙሽራ አሁን ምን ሊሰማት ይገባ ነበር? እፎይታ። ምስጋና። ኀፍረት። የተሰማት ግን ሌላ ነው። ደሟ ፈላ። ላሞቹ የሷ፣ ወተቱ የሷ፣ የባሏ ጆሮ የሷ፣ የሽማግሌው ስድብ የሷ፤ አሁን ደግሞ ጥፋቷን ወሰደችባት! የገዛ ጥፋቷን! ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ ይቺ ሴት ደግ፣ እሷ የውለታ ባለዕዳ ሆና ልትኖር ነው? በፍጹም!

«ውሸቷን ነው!» ብላ ጮኸች፣ ሌባ እንዳየ ሰው ጣቷን ቀስራ። «እሷ አይደለችም! እኔ ነኝ የዘጋሁት! ዓርብ ነው የዘጋሁት! ቋጠሮውም የኔ ነው፤ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ፈትሿት!»

ሽማግሌው ወደ ሙሽራ ቀስ ብለው ዞሩ። «ምንም አይደል» ሊሏት ነው ብላ ጠበቀች፤ ያን ቃል ያን ሰዓት ብትሰማው ኖሮ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ከተማ ትመለስ ነበር፤ ይሄን ቆርጣ ነበር።

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

«አንቺ ደንቆሮ!» አሉ። «ሁለት ቀን! ሁለት ቀን በውሃ ጥም! ምላስ የለሽም? ጆሮ የለሽም? አንቺ ደግሞ» ወደ አለኝታ ዞሩ «አንቺ ደግሞ ዓይኔን እያየሽ ትዋሺኛለሽ? ሁለታችሁም ደንቆሮ ናችሁ! ያዙ በሩን!»

ሙሽራ እያለቀሰች በሩን ያዘች። ለቅሶው እውነተኛ ነው፤ ይሁንና ከለቅሶው ሥር፣ በጣም ከሥር፣ አንድ ነገር ደስ ብሏት ነበር።

የተጠማን ከብት በአንዴ እስኪጠግብ ማጠጣት እንደሚገድለው የተማረችው ያን ቀን ነው። አምስት አምስት እያደረጉ አስወጡ። ሁለቱ ሴቶች ጀርባቸውን በሩ ላይ ተጭነው፣ ተረከዛቸውን አፈር ውስጥ ተክለው፣ የቀሩትን ይገፋሉ፤ ወንዶቹ የጠጡትን ከገንዳው ይጎትታሉ። ከኋላ የአንዷ ላም ትንፋሽ የሙሽራን አንገት ያቃጥላታል። ትከሻዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ለምን ዋሸሽ?» አለች እያለከለከች።

«ለኔ አንድ ስድብ ምኔ ነው?» አለች አለኝታ። «ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሦስት እጠግባለሁ። አንቺን ግን እንደ እንቁላል ነው የሚይዙሽ። ሽርጡን ሁሉ ሽቶ ነከርሽው፤ ምንም አይደል። ወተቱን ደፋሽው፤ ምንም አይደል። እኔ እዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳን ምንም አይደል ያለኝ የለም።»

ይሄን ስትል ድምጿ ቀጥኖ ተሰበረ። ሙሽራ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ዓመት ከመንፈቅ በሆዷ ስታደምጠው የኖረችው የራሷ ድምፅ ነው። አለኝታ ቀንታለች። በሷ! በአንዲት ላም ማለብ በማትጨርስ ሴት!

«ግፊ እንጂ!» አለቻት አለኝታ። ገፋች።

ወይዘሮ ከሙሽራ ባልዲ ጥቂት ጥቂት እየጠጣች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእግሯ ቆመች። ማክሰኞ ግን አስወረዳት። የወጣው ጥጃ ትንፋሽ አልነበረውም፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ነበረው። ሙሽራ ራሷ ቆፍራ ቀበረችው። ባሏ ከአጠገቧ ቆሞ «ያንቺ ነበር» አላት፤ ሌላ አልጨመረም። ያን ያህል የሚያም ነገር ከሱ አፍ ሰምታ አታውቅም።

ዝናቡ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አሮጊቷ ሁለቱን ምራቶች ጥጆቹ ቤት ደጃፍ ላይ ጠሯቸው። ጥቁሩን ክር ከአንገታቸው ሲያወጡት ከእርጅናው የተነሳ እጃቸው ላይ ተበጠሰ። ቁልፉን ለአለኝታ ሰጧት። ለማን ሊሰጡት ኖሯል? ሙሽራ ታውቀው ነበር፤ ቢሆንም ቁልፉን በዓይኗ እስከ አለኝታ መዳፍ ሸኘችው። ይኸው ስትማር፣ ስታለቅስ፣ ስትቀብር ከርማ፣ ቅናቱ ከነበረበት ስንዝር አልተነቃነቀም።

አለኝታ ቁልፉን በመዳፏ ይዛ ኪሷ ገባችና ቀዩን ጨርቅ አወጣች፤ ያንኑ ጨርቅ። ቁልፉን አሾለከችበትና ለሙሽራ ሰጥታ ጀርባዋን አዞረችላት። ፀጉሯን ወደ ላይ ሰበሰበች።

«እሰሪልኝ» አለች። «ያንቺ ቋጠሮ በቀላሉ አይፈታም፤ በጥርሴ አይቼዋለሁ።»

ሙሽራ ጨርቁን በአንገቷ ዙሪያ አዞረችው። ሁለቴ ጠመዘዘችው። ጫፉን ወደ ውስጥ መለሰች። ከዚያ ሳበችው፤ ከሚያስፈልገውም ትንሽ አለፍ አድርጋ ሳበችው።

«ኧረ አነቅሽኝ፣ አንቺ ደንቆሮ!»

«ምንም አይደል» አለች ሙሽራ።